ዲኤክስ ኮሮላ ቁልፍ ሲዞር «ቋ» ይላል እንጂ አይነሳም፤ ባትሪ ነው ሞተሪኖ?

ዲኤክስ84፦

ሰላም ወገኖች። መኪናው የ1984 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ነው፤ ሞተሩ 4ኬ ባለ ካርቡሬተር፣ ማርሹ የእጅ። ቁልፉን ወደ ማስነሻው ሳዞር ከሞተሩ በኩል አንድ ጠንካራ «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ዝም ነው። ደጋግሜ ሳዞረው አንዳንዴ ይይዝና ይነሳል። ያለሁት ደብረ ብርሃን ስለሆነ ሌሊቱ በጣም በሚቀዘቅዝባቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋቶች ደግሞ ሌላ ዓይነት ድምፅ ያሰማል፤ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» እያለ በፍጥነት ይደጋግማል፣ የክሩስኮቶው (የዳሽቦርዱ) መብራትም አብሮ ይርገበገባል። በሁለተኛ ማርሽ ሲገፋ ወዲያው ይነሳል። ከተነሳ በኋላ ምንም እንከን የለበትም።

ባትሪው 45 አምፒር-ሰዓት ሲሆን ውሃ የሚሞላበት ዓይነት ነው። መኪናው ቆሞ በቴስተር ስለካው 12.5 ቮልት ያሳያል። አንዱ ባለሙያ ባትሪ ቀይር ይለኛል፣ ሌላው ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) ቀይር ይለኛል። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ በልኬት ማረጋገጥ እፈልጋለሁ። ቴስተር፣ የመፍቻ ቁልፎችና ካቻቢቴ አሉኝ። ከየት ልጀምር?


ሞተሪኖ ጠጋኝ፦

ወንድሜ፣ ሁለቱን ድምፆች ለይተህ መጻፍህ በጣም ጠቅሟል፤ የየራሳቸው ምክንያት አላቸውና። ምናልባት መኪናህ ላይ ያለው ጥፋት አንድ ሳይሆን ሁለት ነው።

መጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ሞተሪኖው ላይ ያለው ሶሌኖይድ ውስጥ ሁለት የሽቦ ጥቅልሎች አሉ። ሁለቱም ኃይል የሚያገኙት ቁልፉን ስታዞር 50 በሚባለው ቀጭን ሽቦ በኩል ነው። አንደኛው ሳቢ ጥቅልል ነው፤ ማሳውን (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመልሰውን መንገድ) የሚያገኘው በሞተሪኖው ካርቦኖች (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ በሚያቀብሉት) ውስጥ አልፎ ነው። ሁለተኛው ያዥ ጥቅልል ሲሆን በቀጥታ ከሞተሪኖው አካል ጋር ታስሯል። ሁለቱ ተጋግዘው በመካከላቸው ያለውን ተንቀሳቃሽ ብረት ሲስቡት ፒኞኑ (የሞተሪኖው ትንሽ ጥርስ) ወደ ቮላኖው (ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለው ትልቅ መንኮራኩር) ጥርስ ይገፋል፣ በዚያው ቅጽበት የመዳብ ሳህኑ ሁለቱን ወፍራም ኮንታክቶች ያገናኛል። «ቋ» የምትሰማው ያን ጊዜ ነው። ኮንታክቶቹ በትክክል ከተገናኙ ከባትሪው ከ100 እስከ 150 አምፒር የሚደርስ ጉልበት ወደ ሞተሪኖው ይገባል፤ ሞተሩ ይዞራል።

በፍጥነት «ቀጭ ቀጭ» ሲል ኮንታክቶቹ ይገናኛሉ፤ ግን ያ ሁሉ አምፒር ሲሳብ ቮልቱ ይወድቅና ያዡ ጥቅልል ብረቱን መያዝ ያቅተዋል፣ ይለቀዋል። ሲለቀው ቮልቱ ተመልሶ ይነሳል፣ እንደገና ይስባል። ስለዚህ ፈጣን መንቀጭቀጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ጉልበት ማነሱን ነው፦ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ በባትሪውና በሞተሪኖው መካከል ያለው ወፍራም ገመድ ወይም ማሳ የሆነ ቦታ ላይ ተበላሽቷል።

አንድ «ቋ» ብሎ ዝም ሲል ግን ሶሌኖይዱ ለመሳብ የሚበቃ ቮልት አግኝቷል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ነው ያልሠራው። የተበላ ኮንታክት፣ ያለቀ ካርቦን፣ ቮላኖው ጥርስ ላይ የተቀረቀረ ፒኞን፣ ወይም ጨርሶ የማይዞር ሞተር ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው አንተን አይመለከትህም፤ ሲገፋ ይነሳልሃልና።

ያለ ምንም መሣሪያ መጀመሪያ ይህን አድርግ። ጨለምለም ሲል መኪናውን ግድግዳ ፊት አቁመህ የፊት መብራቱን አብራ፣ ቁልፉን አዙር፣ ብርሃኑን ተመልከት። ድምፁ አንድ «ቋ» ሆኖ መብራቱ እንዳለ ከቀጠለ፣ ወደ ሞተሪኖው ምንም አምፒር አልገባም ማለት ነው፤ ኮንታክት ወይም ካርቦን ነው። «ቋ» ብሎ መብራቱ ክፉኛ ከደበዘዘ ደግሞ አምፒሩ ገብቷል፣ ሞተሪኖው ግን መዞር አልቻለም፤ ተቀርቅሯል ወይም ውስጡ ሾርት አድርጓል። መብራቱ ከቀጭቀጩ ጋር ጥፍት ብልጭ ካለ ወደ ባትሪውና ወደ ገመዶቹ ሂድ።

12.5 ቮልት ያልከው ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ቴስተር ሲለካ የሚስበው እጅግ ጥቂት ነው፤ ከመቶ የመዳብ ክሮች አንዱ ብቻ የቀረው ገመድም 12.5 ያሳይሃል። ጥፋቱ የሚታየው ቁልፉ ማስነሻው ላይ ተይዞ ሳለ ሲለካ ብቻ ነው። አንድ ግንኙነት ላይ 0.01 ኦም ተቃውሞ ቢኖር፣ የክሩስኮቶ መብራት ሲበራ ምንም አይታወቅም፤ 120 አምፒር ሲያልፍበት ግን እዚያው ቦታ ላይ 1.2 ቮልት ይቀራል።

ስለዚህ የቦቢናውን (ለካንዴላ እሳት የሚሰጠውን) ፖዘቲቭ ሽቦ ንቀልና ጫፉ ብረት እንዳይነካ በቴፕ ሸፍነው፤ ሞተሩ እንዳይነሳ ነው። ማርሹን ዜሮ አድርግ፣ የእጅ ፍሬን ሳብ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አኑር። ቁልፉን የሚያዞርልህ ሰው ይኑር። ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርገህ፣ ቁልፉ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ እየተያዘ እነዚህን ለካ፦

አንደኛ፣ ከባትሪው ፖል እስከ ፖል። የቴስተሩን ጫፍ መቆንጠጫው ላይ ሳይሆን ራሱ የእርሳስ ፖሉ ላይ አሳርፍ። ሞተሩ እየዞረ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም አልሞላም።

ሁለተኛ፣ ከባትሪው ኔጌቲቭ ፖል እስከ ሞተሪኖው አካል። ከ0.2 ቮልት መብለጥ የለበትም።

ሦስተኛ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ ፖል እስከ ሞተሪኖው 30 ቡሎን፣ ማለትም ወፍራሙ ገመድ የሚታሰርበት። ይህም ከ0.2 እስከ 0.3 ቮልት ቢደርስ ነው፣ ከዚያ ካለፈ ገመዱ ወይም መቆንጠጫው ይታይ።

አራተኛ፣ 50 ላይ ባለው ቀጭን ሽቦና በሞተሪኖው አካል መካከል። ሶሌኖይዱ በደንብ እንዲስብ ቢያንስ 8 ቮልት ያስፈልገዋል፤ ጤነኛ መኪና ላይ ከ10 በላይ ታገኛለህ።

አምስተኛና ዋናው፣ ከሶሌኖይዱ ወደ ሞተሪኖው ሆድ የሚገባው አጭር ገመድ የታሰረበት ቡሎን አለ፤ ሲ ይባላል። በእርሱና በሞተሪኖው አካል መካከል ለካ። «ቋ» ብሎ ሳይዞር ሲ ላይ ከ1 ቮልት በታች ካለ ኮንታክቶቹ አልተገናኙም። ከ11 በላይ ካለና ካልዞረ ካርቦኖቹ ኮሙቴተሩን (የሚያርፉበትን የሚዞር መዳብ) አይነኩም። ካርቦን ጨርሶ ሲያልቅ ሳቢው ጥቅልል ማሳ ስለሚያጣ ድምፁ ራሱ ይደክማል ወይም ይጠፋል፤ አንተ «ጠንካራ» ስላልክ ካርቦን ከመጠርጠሬ በፊት ኮንታክት እጠረጥራለሁ።

ቁጥሮቹን ጽፈህ አምጣ።


የሸኖ መንገድ፦

ከላይ በተጻፈው ላይ ስለ ባትሪውና ስለ ብርዱ ልጨምር፣ ደብረ ብርሃን ላይ ይህ ክፍል ቀላል አይደለምና።

ባትሪው ውሃ የሚሞላበት መሆኑ ዕድል ነው፣ እያንዳንዱን ቤት ለይተህ መመርመር ትችላለህ። ክዳኖቹን ክፈት። ውሃው ከእርሳስ ሳህኖቹ በላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር መሸፈን አለበት። ጎድሎ ከሆነ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ጨምር። አሲድ አትጨምር! ከባትሪው የሚተነው ውሃው ነው እንጂ አሲዱ አይደለም፤ አሲድ ሲጨመርበት ለጥቂት ጊዜ የበረታ ይመስልና ሳህኖቹ ይበላሉ። የቧንቧ ውሃም አይሆንም፣ ያለበት ማዕድን ሳህኑን ይጎዳል። ሳህኖቹ ውጭ እስካልቀሩ ድረስ ውሃውን እስከ ምልክቱ የምታደርሰው ባትሪው ቻርጅ ከተደረገ በኋላ እንጂ በፊት አይሁን፤ ቻርጅ ሲደረግ ውሃው ወደ ላይ ስለሚነሳ ይፈስሳል።

ባትሪ ቤት በሃይድሮሜትር (የባትሪውን ውሃ እፍጋት በሚለካው) አስለካ። የሞላ ባትሪ ከ1.265 እስከ 1.280 ያሳያል፣ 1.190 አካባቢ ከሆነ ግማሽ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ በቤቶቹ መካከል ያለው ልዩነት ይበልጣል፦ አምስቱ ቤቶች 1.260 ሆነው አንዱ 1.200 ከሆነ ያ ቤት ሞቷል። ከ0.050 በላይ ልዩነት ያለው ባትሪ ሞልተህም ቢሆን አያድርም። ሃይድሮሜትር ካልተገኘ ደግሞ፣ ባትሪው ቻርጅ ተደርጎ ካደረ በኋላ 10.5 ቮልት አካባቢ ብቻ የሚያሳይ ከሆነ አንድ ቤት ጠፍቷል ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ቤት 2.1 ቮልት ነውና።

12.5 ያልከውን መቼ ለካኸው? መኪናው ገና እንደጠፋ ከሆነ የላይ ቮልት (ገና ስለተሞላ ለጊዜው ከፍ ያለ) ነው፣ አትመነው። የፊት መብራቱን ለ2 ደቂቃ አብርተህ አጥፋ፣ ጥቂት ቆይተህ ለካ። ከሁሉ የሚሻለው ጠዋት ኮፈኑን ከፍቶ ምንም ሳይነኩ መለካት ነው። 12.6 ሙሉ፣ 12.4 ሦስት አራተኛ ገደማ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ። 0 ዲግሪ አካባቢ ደግሞ ሙሉ ባትሪም ቢሆን ለማስነሻ የሚሰጠው ጉልበት በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል፤ ዘይቱም ወፍሮ ሞተሩ ለመዞር ይከብዳል። ሞተሩ ውስጥ ያለው 20-50 ዘይት ከሆነ በሚቀጥለው ቅየራ 15-40 አድርገው። ናዝሬት ላይ ምንም የማይሰማ ድካም ያለበት ባትሪ ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ያቆማል።

ፖሎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ሙቅ ውሃ ብቻ አፍስሰህ አትለፍ። መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፍታ፣ ከዚያ ፖዘቲቩን፤ ስታስር ደግሞ ፖዘቲቩ ይቅደም። ፖዘቲቩን ስትፈታ የመፍቻ ቁልፉ ላሜራ ቢነካ፣ ኔጌቲቩ ቀድሞ ከተፈታ ምንም አይፈጠርም፤ ካልተፈታ ቁልፉ ይቀልጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠህ በጥርስ ብሩሽ እጠበው፤ ክዳኖቹ ጥብቅ ይሁኑ፣ ሶዳ ወደ ውስጥ ከገባ አሲዱን ያመክነዋል። ከዚያ የፖሉን ዙሪያና የመቆንጠጫውን ውስጥ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት አሻሸው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ በማይታየው የውስጥ ገጽ ላይ ነው፣ ጥቁር ስስ ሽፋን ሆኖ። ካሰርከው በኋላ በእጅህ ስትጠመዝዘው ፈጽሞ መንቀሳቀስ የለበትም። ቫዝሊን የሚቀባው ከታሰረ በኋላ ከውጭ ነው።

መቆንጠጫው ስለሰፋ በመካከሉ ምስማር ወይም የቆርቆሮ ቁራጭ የተሸጎጠበት መኪና ብዙ ነው። ያ ነገር ሦስትና አራት ነጥብ ላይ ብቻ ስለሚነካ ይግልና ይቃጠላል። አዲስ መቆንጠጫ ግዛ፣ ውድ ነገር አይደለም።


ዲኤክስ84፦

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ፖሎቹን በተባለው መንገድ አጽድቼ አሰርኩ፣ ባትሪው ተሞልቶ አድሯል። በሃይድሮሜትር ስድስቱም ቤቶች ከ1.255 እስከ 1.265 ናቸው። ጠዋት ሳይነካ 12.6።

«ቋ» ብሎ ሳይዞር ሲቀር የተለካው እንዲህ ነው። ባትሪው ፖል ለፖል 12.2። ከኔጌቲቭ ፖል እስከ ሞተሪኖው አካል 0.06። ከፖዘቲቭ ፖል እስከ 30 ቡሎን 0.04። 50 ላይ 11.3። ሲ ላይ 0.4። የፊት መብራቱም ምንም አልደበዘዘም።

ማሳውም ገመዱም ደህና ናቸው ማለት ነው?


ሞተሪኖ ጠጋኝ፦

ኮንታክት ነው፣ ጥርጥር የለውም። 30 ላይ ሙሉ ቮልት አለ፣ 50 ላይ 11.3 ደርሶ ሶሌኖይዱ ስቧል፣ ሲ ላይ ግን 0.4 ብቻ። ጉልበቱ በ30 እና በሲ መካከል ቆሟል፤ በመካከላቸው ያለው ደግሞ ኮንታክቱ ብቻ ነው።

ማሳውና ገመዱ ደህና ናቸው ለማለት ግን ገና ነው። 0.06 እና 0.04 ያሳዩት ትልቁ አምፒር ስላላለፈባቸው ነው፤ የሚያልፍ ጉልበት በሌለበት የሚጠፋ ቮልት የለም። እነዚህን ሁለቱን ሞተሩ በእርግጥ እየዞረ ሳለ ትደግማቸዋለህ። የብርዱ ጠዋት ቀጭቀጭታ አሁንም መልስ አላገኘም።

አሁን ሞተሪኖህ የትኛው ዓይነት እንደሆነ እይ። ሶሌኖይዱ በራሱ ትንሽ ሲሊንደር ሆኖ ሞተሪኖው ጀርባ ላይ ከተቀመጠ የድሮው ቀጥታ ዓይነት ነው፤ ኮንታክቱ በታሸገው ቤት ውስጥ ስለሆነ ሶሌኖይዱ በሙሉ ይቀየራል፣ የሚታሰረውም በሁለት ወይም በሦስት ቡሎን ነው። ሶሌኖይዱ ከሞተሪኖው ቤት ጋር አንድ ላይ የተሠራና ጀርባው ላይ በሦስት ትንንሽ ቡሎን የታሰረ ክብ ክዳን ካለው ግን የዴንሶ ባለ ቅነሳ ማርሽ ዓይነት ነው፣ ለጥገናም የሚመቸው እርሱ ነው። ዲኤክስ ላይ ሁለቱም ይገኛሉ፤ ዕድሜው ከረዘመ ቀድሞ የተቀየረለትም ይኖራል።

ባለ ክዳኑ ከሆነ አሠራሩ ይህ ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፤ ይህ ካልተደረገ ምንም አትንካ፣ 30 ላይ ያለው ገመድ ፊውዝ የለውም። ገመዱንና 50ን ነቅለህ ሞተሪኖውን አውርድ። ሦስቱን ትንንሽ ቡሎኖች ፍታ፣ ክዳኑን አንሳ፣ ብረቱን ከነመዳብ ሳህኑ ሳብ፤ ከሥሩ ያለው ስፕሪንግ እንዳይጠፋ። ውስጥ ግራና ቀኝ ሁለት የመዳብ ኮንታክቶች ታያለህ። አብዛኛውን ጊዜ በባትሪው በኩል ያለው ይበልጥ ተበልቶ ታገኘዋለህ፤ በግማሽ ጨረቃ ቅርፅ ይጎደጉዳል። ሳህኑ አንዱን ሲነካ ሌላው ላይ ስለማይደርስ ነው አንዳንዴ ይዞ አንዳንዴ የሚተወው።

በሞርድ ማስተካከል የሚባለውን አትቀበል። ጥፋቱ ቆሻሻ ሳይሆን የመዳቡ ቁመት መቀነስ ነው፤ ሲሞረድ የባሰ ያጥራል። ሁለቱንም ኮንታክቶች አንድ ላይ ቀይር፣ ሳህኑ ላይ ጥልቅ ጭረት ካለ ብረቱንም ጨምር። መርካቶ ሱማሌ ተራ ለቶዮታ ሞተሪኖ ኮንታክት ስትጠይቅ አሮጌዎቹን ይዘህ ሂድ፤ ግራና ቀኙ አይመሳሰሉም፣ የቡሎኑ ውፍረትና የመዳቡ ቁመትም ከሞተሪኖ ሞተሪኖ ይለያያል። ፊት ለፊት አስተያይ።

ስታስር ቡሎኑ ላይ ያሉትን የማይተላለፉ ሮንዴላዎችና የጎማ ቀለበቱን በነበሩበት ቅደም ተከተል መልስ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ 30 ከአካሉ ጋር ይገናኝና ባትሪው ሾርት ያደርጋል። ዳዶውን ከማጥበቅህ በፊት ሁለቱ ኮንታክቶች እኩል ቁመት ላይ መሆናቸውን እይ፣ ሲጠብቅ ኮንታክቱ አብሮ እንዳይዞር በካቻቢቴ ያዘው። ብረቱን መልሰህ በጣትህ ወደ ውስጥ ስትጫነው በ30 እና በሲ መካከል ቴስተሩ ወደ 0 ኦም ማሳየት አለበት፣ ስትለቀው መቋረጥ አለበት። ውስጡን በደረቅ ብሩሽ አጽዳ፤ ቅባት በዚህ ክፍል አይገባም።

ሞተሪኖው ከወረደ አይቀር ካርቦኖቹንም እይ። አዲስ 13.5 ሚሊሜትር የሆነው ዓይነት 8.5 ሲደርስ ይቀየራል፣ 15.5 የሆነው ደግሞ 10 ሲደርስ። ኮሙቴተሩ ጠቁሮ ከሆነ በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን አጽዳው። በመዳብ ቁራጮቹ መካከል ያለው ቦይ ጥልቀት 0.6 ሚሊሜትር ያህል ይሁን፤ ከ0.2 በታች ከሆነ በስስ መጋዝ ይቆፈራል፣ አለበለዚያ ካርቦኑ ይዘላል።

መኪናው ላይ ከመመለስህ በፊት መሬት ላይ ፈትነው። የአጭሩን ገመድ ጫፍ ከሲ ላይ ፍታ። የባትሪ ኔጌቲቭ ወደ ሞተሪኖው አካልና ወደ ሲ፣ ፖዘቲቭ ወደ 50። ፒኞኑ ቶሎ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ሳቢው ጥቅልል ተበላሽቷል። ከሲ ላይ ያለውን ኔጌቲቭ አንሳው፣ ፒኞኑ እንደወጣ መቆየት አለበት፤ ከተመለሰ ያዡ ጥቅልል ሞቷል። ከአካሉ ላይ ያለውን ስታነሳ መመለስ አለበት። እያንዳንዱ ፈተና ከ3 እስከ 5 ሰከንድ አይለፍ፣ ጥቅልሉ ይቃጠላል። በመጨረሻ ገመዱን መልሰህ ሞተሪኖውን እግርህ ሥር አጥብቀህ ያዘውና ያለ ጭነት አዙረው፤ ሲነሳ በኃይል ስለሚዘል ነው። ባለ ቅነሳ ማርሹ በ11.5 ቮልት ከ90 አምፒር በታች ሊስብ ይገባል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ቡሹ ወይም ኩሺኔታው ይዟል።

ኮንታክቱ እስኪመጣ ድረስ ሞተሪኖውን በመዶሻ መምታት የሚመክሩህ ይኖራሉ። በቀስታ መንካት ካርቦን ሲጣበቅ ይረዳል፤ የተበላ ኮንታክትን ግን አያድንም። በአንዳንድ ሞተሪኖዎች ውስጥ ማግኔቱ የተለጠፈ ስለሆነ ሲመታ ይሰነጠቃል። ገፍተህ አስነሳ፣ ይሻልሃል።


ካንዴላ፦

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለዚህ መኪና ባይሆንም ለሚያነበው ሰው። 50 ላይ ከ8 ቮልት በታች የሚያገኝ ሰው ሞተሪኖውን አይቀይር። ያረጀ መኪና ላይ ይህ ሽቦ ከባትሪ ተነስቶ በቁልፉ ስዊች በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው፤ የስዊቹ ኮንታክት ሲበላ ቮልቱ እዚያ ይጠፋል። የሚበጀው ባለ 40 አምፒር ሪሌ (በትንሽ ጉልበት ትልቅ ጉልበት የሚያገናኝ ስዊች) ማስገባት ነው። ወደ 50 ይሄድ የነበረውን ሽቦ ወደ ሪሌው 86፣ 85ን ወደ ማሳ፣ 30ን በ30 አምፒር ፊውዝ በኩል ወደ ባትሪ ፖዘቲቭ፣ 87ን ወደ ሞተሪኖው 50። ከባትሪና ወደ ሞተሪኖ የሚሄዱት ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይሁኑ። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይቀመጥ።

ጥፋቱ ስዊቹ ጋ መሆኑን ለማረጋገጥ 30ን እና 50ን በሽቦ ለቅጽበት ማገናኘት ይቻላል፤ ከዞረ ሞተሪኖው ጤነኛ ነው። ማርሹ ዜሮ መሆኑን ሁለቴ ሳታይ ይህን አታድርግ፤ ማርሽ ውስጥ ያለ መኪና ፊቱ የቆመውን ሰው ይደፈጥጣል። 30ን ከሲ ጋር በካቻቢቴ ማገናኘት ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም፤ ፒኞኑ ሳይወጣ ሞተሪኖው ባዶውን ይዞራል፣ ብልጭታውም እጅ ያቃጥላል።


ዲኤክስ84፦

ባለ ክዳኑ ዓይነት ነው። በባትሪው በኩል ያለው ኮንታክት ከግማሽ በላይ ተበልቷል። ሁለቱም ተቀይረዋል፤ ካርቦኖቹ 11 ሚሊሜትር ናቸው፣ ከባለ 13.5 ዓይነት ስለሆኑ ተመልሰዋል። ሦስቱንም ፈተናዎች አልፏል። አሁን በየጊዜው ያለ ስህተት ይይዛል፣ ግን አዟዟሩ ዘገምተኛ ነው።

ቦቢናውን ነቅዬ ሞተሩ እየዞረ ስለካ፦ ባትሪው ፖል ለፖል 10.7፣ ከፖዘቲቭ እስከ 30 ቡሎን 0.2፣ ከኔጌቲቭ እስከ ሞተሪኖው አካል 0.9።


የሸኖ መንገድ፦

ያ 0.9 ነው የብርዱ ጠዋት ቀጭቀጭታ ምክንያት። ባትሪው 10.7 እየሰጠ ሞተሪኖው የሚያገኘው 9.6 ብቻ ነው። ብርዱ ባትሪውን አድክሞ ዘይቱን ሲያወፍረው ደግሞ ከዚያም ይወርድና ሶሌኖይዱ መያዝ ያቅተዋል።

የቱ ጋ እንደሆነ በክፍል በክፍል ለካ፣ ሁልጊዜ ሞተሩ እየዞረ፦ ከኔጌቲቭ ፖል ወደ መቆንጠጫው፣ ከመቆንጠጫው ወደ ገመዱ ሌላ ጫፍ፣ ከገመዱ ጫፍ ወደ ሞተሩ ብረት፣ ከሞተሩ ብረት ወደ ሞተሪኖው አካል። ጤነኛ ግንኙነት እያንዳንዱ ከ0.1 በታች ነው። 0.7 ወይም 0.8 የሚያሳየው ቦታ ጥፋቱ ራሱ ነው። በልምድ ሁለት ቦታ ይበዛል፦ ገመዱ ከሞተሩ ወይም ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የታሰረበት ቡሎን ሥር ዝገትና ቀለም ሲኖር፣ አለዚያም ገመዱ ወደ መቆንጠጫው በሚገባበት ጫፍ መዳቡ በፕላስቲኩ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ሲበላ። ሁለተኛውን በዓይን አታየውም፤ እየተጣጠፈ ሲነካ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል።

ገመዱ ከተበላ ጫፉን ቆርጦ መጠምዘዝ አይሁን። ለዚህ ሞተር 25 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ ይበቃል። የተዘጋጀ ካላገኘህ የብየዳ ኬብል በዚያው ውፍረት ግዛና ጫፎቹ ላይ የመዳብ ቀለበት በፕሬስ አስጨምቅ። የአሉሚኒየም ኬብል አትውሰድ። የሚታሰርበትን ብረት ነጭ እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት ጥረገው፤ በቀለም ላይ የሚታሰር ማሳ ማሳ አይደለም።

ከሞተሩ ወደ ላሜራው የሚሄደውን ጠፍጣፋ የተጠለፈ ሽቦም ፈልገው። ሞተር ወርዶ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ሳይታሰር ይቀራል። እርሱ ሲጠፋ ጉልበቱ በነዳጅ መርገጫው ገመድ ወይም በኪሎሜትር ቆጣሪው ገመድ በኩል ይመለሳል፤ ገመዱ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ መርገጫው ይከብዳል። መኪና ሲነሳ መርገጫው ገመድ ላይ ጭስ ካየህ ሌላ ቦታ አትፈልግ።


ሃይሩፍ፦

እዚሁ ላይ ልጠይቅ። መኪናዬ ሃይሩፍ ሃይስ ነው፣ ሞተሩ 5ኤል ናፍጣ። ጠዋት ደህና ይነሳል፣ ረጅም መንገድ ሄዶ ሲቆምና ወዲያው ሲሞከር ግን አንድ «ቋ» ብሎ ይቀራል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይነሳል። ይህም ኮንታክት ነው?


ሞተሪኖ ጠጋኝ፦

ሊሆን ይችላል፣ መለኪያው አንድ ዓይነት ነው፤ ግን ሲሞቅ ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ 50 ላይ ያለውን ለካ፣ ሞተሩ እንደሞቀ። የመዳብ ተቃውሞ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ሞተሪኖው ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሲደርስ የጥቅልሉ ተቃውሞ ወደ 30 በመቶ ይነሳል። ጠዋት በ9 ቮልት የሚስብ ሶሌኖይድ ሲግል በዚያው ቮልት አይጠነክርም፤ ብረቱ ይንቀሳቀስና ኮንታክቱን በጥንካሬ አይጫነውም። ስለዚህ 50 ላይ 9 ካገኘህ ካንዴላ የጻፈውን የሪሌ ሥራ ሥራ፤ የአንተ መኪና ከመጀመሪያው የማስነሻ ሪሌ ካለው ደግሞ የእርሱን ኮንታክት ፈትሽ። 50 ላይ 11 ኖሮ ሲ ላይ ባዶ ከሆነ ኮንታክት ነው። ሲ ላይም ቮልት ኖሮ መብራቱ ክፉኛ ከደበዘዘ፣ የሞተሪኖው ቡሽ ወይም ኩሺኔታ አልቆ ማዞሪያው ሲሞቅ ከቤቱ ጋር እየታከከ ነው፤ ያን ጊዜ ይወርዳል።

ናፍጣ ስለሆነ ልኮቹ ከዲኤክሱ ይከብዳሉ። የ5ኤል እምቅታ ወደ 22 ለ1 ነው፣ የሚሳበው አምፒርም በጣም ይበልጣል። ገመዱ ከ35 ካሬ ሚሊሜትር አይነስ፣ ባትሪው ከ70 አምፒር-ሰዓት አይነስ፤ የሚጠፋው ቮልት ግን ያው በማሳ በኩል 0.2 ነው። ስትለካ እንዳይነሳብህ የናፍጣ ፓምፑን ማቆሚያ ሶሌኖይድ ሽቦ ንቀል፣ ቦቢና የለውምና።


ዲኤክስ84፦

ጥፋቱ ካምቢዮው ላይ የታሰረው የማሳ ጫፍ ነበር፤ ከቀለበቱ ሥር ሙሉ ዝገት፣ ብቻውን 0.7 ይወስድ ነበር። ብረቱ ተጠርጎ፣ አዲስ 25 ካሬ ገመድ ታስሯል፣ ከሞተር ወደ ላሜራ የሚሄደውም ተጨምሯል። ሞተሩ እየዞረ በማሳ በኩል 0.12፣ ባትሪው ላይ 10.5፤ ሞተሪኖው ፈጥኖ ስለሚዞር ይመስለኛል ትንሽ የወረደው። ከተነሳ በኋላ ፖል ለፖል 14.1 ይሞላል፣ መብራቱ በርቶ 13.8።


የሸኖ መንገድ፦

ትክክል ነው። ተቃውሞው ሲነሳ ሞተሪኖው የሚገባውን አምፒር ያገኛል፣ ባትሪውም ያንን ያህል ይሰጣል። ከ13.8 እስከ 14.5 ጤነኛ ሙሌት ነው፣ ዲናሞውን አትንካው። ገመዱ አዲስ ስለሆነ ቡሎኖቹ ጥቂት ከሠሩ በኋላ ይላላሉ፤ አንድ ሳምንት ነድተህ የታሰሩትን ጫፎች ሁሉ እንደገና አጥብቃቸው።